ጀልባውን የነካው እጅ

ውድ ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣

ከዚህ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እግርሽን ነካሁ፤ እጄንም ግንባሬ ላይ አደረግሁ። እንዴት ነሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? የተራራው ብርድ ክፉ እንደሆነ ከጻፍሽ ወዲህ እማዬ ደመና ባየች ቁጥር «ልጄ ሹራብ ለብሳ ይሆን?» ትላለች። አማትሽንና ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

እኛ ደህና ነን። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሱቁን ግን አልዘጋም። ወንዙ ዘንድሮ ሞልቶ እስከ ትልቁ ዋርካ ሥር መጥቶ ነበር። እኛ ልብስ የምናጥብበት ደረጃ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። አሁን እየጎደለ ነው፤ ደረጃው ላይ ጭቃው ቀርቷል።

ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ። አሁንም እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ ነኝ። በወረቀት ግን ማንም ስለማያየኝ የልቤን ነገር መጀመሪያ ልበለውና ልገላገል። አሰልጣኛችን ሻንቱ ካካ በሚመጣው ዓመት ወንዙ ሲሞላ እኔም ከሴቶቹ ጋር በዋና እንድወዳደር ይፈልጋሉ። አባዬ ደግሞ ከካንዲ ከተማ የሆኑ ሰዎች ለልጃቸው ሚስትነት ሊያዩኝ ጠይቀዋል ይላል። ሁለቱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲከራከሩ ቆዩና መጨረሻ ላይ አባዬ፣ «እሺ፣ ታላቅ እህቷ መጥታ እንደ ቤት ሰው አጃቢ ጀልባዋ ላይ ከተቀመጠች ትዋኝ። ካልመጣች የካንዲዎቹ ይምጡ» አለ። ከባልሽ ቤት ማንም እንደማይለቅሽ ስለሚያውቅ ነው እንዲህ ያለው። ሻንቱ ካካም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህንን ነው። ግን ዘንድሮ የሆነውን ካልነገርኩሽ ልመናዬ ጎዶሎ ይሆናል።

ማላቢካን ታስታውሻታለሽ? የካልካታዋን ዋናተኛ፣ ስሟ በሬዲዮ የሚነገረውን። ዘንድሮም መጣች፤ መዋኘት ልታቆም ስለሆነ የመጨረሻዋ ነው አሉ። ከሌላ ከተማ የሚመጡትን ዋናተኞች የሚያሳድር ቤት ሲደለደል ለእኛ ደረሰችን። አልጋሽ ላይ ነው የተኛችው። እማዬ ትከሻዋን አይታ «ይቺ ልጅ በር የምትገባው በጎን ነው» ብላ ወጥ ቤት ድረስ እየሳቀች መጣች፤ ከዚያ ግን የሰናፍጭ ዘይቱን አሙቃ ጀርባዋን ስታሽላት እጇ ቀስ አለ። አንቺን እዚያው በርጩማ ላይ አስቀምጣ ስታሽሽ «ቀስ በይ፣ እንደ ዓሣ ልትጠብሺኝ ነው እንዴ?» የምትያት ትዝ ብሏት ነው። እኔም ትዝ ብሎኛል። ከውሃ ስትወጪ ጸጉርሽ ጭቃና ዘይት ይሸት ነበር፤ ማታ አጠገብሽ ስተኛ ትራሱም እንደዚያው ይሸታል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ትራሱን እማዬ እስክታጥበው ድረስ ለማንም አልነገርኩም እንጂ እኔ ነበርኩ የምተኛበት።

በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ማላቢካ ልብስ ወደማሰጣበት ጣሪያ ወጣች። እኔ አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ነው ያወራችው። «እኛ የምንዋኝበት ገንዳ ሰማያዊ ነው፤ የማንም ሽታ የለበትም። ከሥር ጥቁር መስመር አለ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እሱን መስመር ሳይ ኖርኩ። እዚህ ግን ከሥር ምንም አይታይም። ስለዚህ ሰው አያለሁ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ያቺ መታጠፊያው ላይ ጥላኝ የሄደችው ልጅ የት ናት?» አለች።

«ተድራለች» አልኩ።

«ትዋኛለች?»

አንቺ ያለሽበት ቦታ ውሃ የሚመጣው በቧንቧ እንደሆነ መናገር አፍሬ አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ማላቢካም ከባልዲው ልብስ አውጥታ አብራኝ አሰጣች። አገር የሚያውቃት ሰው የአባዬን ሸሚዝ ስታራግፍ ብታይ ኖሮ!

ጠዋት የማላቢካ አሰልጣኝ ቦራል ባቡ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አጃቢ ጀልባዋ ላይ ወጡ። ቀዛፊው ጎፉር ቻቻ ነበሩ። «ባቡ፣ ቁርስ በልተዋል?» ብለው ጠየቁ። «በደንብ ነዋ!» አሉ ቦራል ባቡ። «እንግዲያው ዛሬ ዓሦቹ ይጠግባሉ» አሉ ጎፉር ቻቻ፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም ሳቅ የለም። እኔ በሻንቱ ካካ ጀልባ ላይ ዋናተኞቹ የሚጠጡትን የግሉኮስ ውሃ ጠርሙስ ይዤ ነበር።

እንደተጀመረ ቦራል ባቡ በድምፅ ማጉያ «ማላቢካ! ማላቢካ!» ብለው መጮህ ጀመሩ። ዳር የቆሙት ሴቶች ዛጎል መንፋቱንም እልልታውንም አቋርጠው ተንጫጩባቸው። «ኧረ ሰውየው! ውሃ ላይ ስም ይጠራል እንዴ?» «ወንዙ ስሟን ከያዘ አንተ ልታስለቅቅ ነው?» አንዲት አሮጊትማ ጫማዋን አውልቃ ልትወረውርባቸው ነበር። እሳቸው ግን አልሰሙም፤ ብዙም ሳይቆይ ሆዳቸውን ይዘው ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፉ፤ ጎፉር ቻቻ እንዳሉትም ሆነ። ሻንቱ ካካ እሳቸውን ወደኛ አሻግረው እኔን «ሂጂ፣ አንቺ ተቀመጪላት» አሉኝ። የቤት ሰው ነው የሚቀመጠው ብል፣ «ቤታችሁ አድራለች፣ እናትሽ አሽታታለች፤ ሌላ ምን ዝምድና ትፈልጊያለሽ? ውጪ!» ብለው ገፉኝ።

ከትልቁ መታጠፊያ በኋላ ማላቢካ ደከማት። ክንዷ ውሃውን መሳብ ትቶ መዳበስ ጀመረ። ግሉኮሱን በረጅም ቀርከሃ ጫፍ አቀበልኳት፤ ጠጥታ በጀርባዋ ተንሳፈፈችና «በቃኝ» አለች። ምን ልበል? ስሟን አልጠራ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ አንቺ ስትዋኚ ጀልባሽ ላይ ሆኜ የምሰድብሽ ስድብ ብቻ ነው አፌ ላይ የነበረው። «ተነሽ፣ አንቺ ሰነፍ! ጣፋጩን የዓሣ ራስ ሌላ ሰው እየበላብሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እኔ! ጎፉር ቻቻ መቅዘፊያውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም። ማላቢካ ሳቋ መጥቶ ውሃ ዋጠች፣ አሳላት፣ ተገለበጠችና መዋኘት ቀጠለች። እኔም እስከ መድረሻው ስሳደብ ሄድኩ። ሁለተኛ ወጣች። አንደኛዋ የጀልባ ጠጋኙ ልጅ ናት፤ ያቺ ጥርሰ ፍንጭቷ፤ አንቺ የሙዝ ግንድ አሳቅፈሽ ዋና ያስተማርሻት።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ። ማላቢካ ፎጣ ተከናንባ ዋርካው ሥር ተቀምጠን የሩዝ ፈንዲሻ እየበላን ሳለ፣ «ያን ስድብ አውቀዋለሁ፤ ያን ዓመት ከኋላችሁ ሆኜ ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። «እህትሽ በሰፊው እየመራችኝ ነበር። ወደ ዳር ቀና ብላ አየች፤ ጥቁር ጥላ የያዙ ሰዎች ቆመው ነበር። ከዚያ አንቺን አየችሽ። ቆይታ ነው ያየችሽ። ከዚያ እጇን አውጥታ ጀልባው ላይ አደረገች። አልቸኮለችም።»

ጀልባ የነካ ከውድድር እንደሚወጣ ለእሷ መንገር አያስፈልግም። «ባቷን ሸምቅቆ ይዟት ነው» አልኳት። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናውቀው፤ አንቺም ያልሽው እንደዚያ ነው። ማላቢካ ጸጉሯን ስትጨምቅ ቆየችና፣ «የዚያን ቀን ሜዳሊያ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው አላውቅም» አለች።

ዲዲ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ቶሎ የወጣሁ ነኝ፤ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ግን እሷ ከሄደች ወዲህ ሁለት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። አንደኛው፣ ያን ዕለት ጠዋት ዘይቱን ይዤ ከበር ኋላ ቆሜ ሳለሁ አባዬ ለአንቺ ሲናገር የሰማሁት ነው። «ካሸነፍሽ ለዋና ዴልሂ ይወስዱሻል፤ እኔም አልከለክልሽም። አንቺን ሊያጩ የመጡት እንግዶች ግን ባዶ እጃችንን አንመለስም ብለዋል። ትልቋ ካልሆነች ትንሿ ትሁን ብለዋል» ነበር ያለው። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ትንሿ የተባለችው ማን እንደሆነች እንኳ አላሰብኩም፤ ዘይቱ እንዳይቀዘቅዝ ነበር የምጨነቀው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጀልባው ላይ ጎትተን ካወጣንሽ በኋላ እስከ ዳር ድረስ ባትሽን ሳሽልሽ ነበር። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ «በርቺ፣ እዚያው ጋ ነው» ትይኛለሽ። ባትሽ ግን ልስልስ ያለ ነበር።

ስለዚህ ነገር መልስ አትጻፊልኝ። ባለቤትሽ ያነበው ይሆናል፤ ደግሞም ከአፍሽ ካልወጣ ይሻለኛል። እኔም ካሁን በኋላ ሰው ከጠየቀኝ ባቷን ይዟት ነው እላለሁ።

ግን ነይ። በሚመጣው ዓመት ዝናቡ ሲበረታ ነይ። ለአማትሽ እናቴ ታማለች በያቸው፤ እማዬን ጠይቄያት «ካስፈለገ እታመማለሁ፣ ምን ችግር አለው? የትኛውን በሽታ ትፈልጊያለሽ?» ብላኛለች። አባዬም እንዲያው ቃሉን ሰጠ እንጂ ልቡ ድንጋይ አይደለም፤ ማላቢካን የሸኛት እሱ ነው፣ ሻንጣዋንም ለማንም አልሰጠም። እኔ በየማለዳው ከሻንቱ ካካ ጋር እዋኛለሁ። ክንዴ አጭር ነው ይላሉ፤ ትንፋሼ ግን የአንቺ ነው ይላሉ። ስትመጪ ዘይቱን አንቺ ታሺኛለሽ፣ ጀልባው ላይ ተቀምጠሽ እስኪበቃሽ ትሰድቢኛለሽ።

የካንዲዎቹም ከፈለጉ ይምጡ። ጥላቸውን ይዘው ዳር ይቁሙ። ከእኔ በታች በዚህ ቤት ሌላ ሴት ልጅ የለችም፤ እኔ ጀልባውን አልነካም።

እናት ጋንጋ፣ ወንዛችን፣ ትጠብቅሽ። ሳልሽን ታርቅልሽ፤ የምትተኚበት ቤት ይሙቅልሽ፤ መንገዱንም ታቅናልሽ።

እናቷ ጋ የቀረችው ታናሽሽ