ለሜሮን የተዘጋው የጠዋት ክፍል

«ይህች ልጅ ወይ ዲዳ ናት፣ ወይ ተሞላቅቃለች። ዲዳ ከሆነች ቦታዋ እዚህ አይደለም፤ ተሞላቅቃ ከሆነ ደግሞ አባቷ ክፍል ድረስ እየገባ አያሞላቅቅብን።»

ውዴ ስመኝ፣ የልጃችን የሜሮን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ባለፈው ዓርብ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቃል በቃል ያሉት ይህን ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሜሮን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከኋላችን ሰው ሳቀ፤ አንዱማ «አባትየው ለሁለት ያወራ የለ እንዴ» ብሎ አከለበት። መልስ ልሰጥ ብድግ ስል ሜሮን ኮቴን ይዛ ጎተተችኝ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ግቢውን ስዞር እውላለሁ።

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የተከልሽው ጌሾ ከአጥሩ በላይ ሆኗል። የሜሮንን ፀጉር እኔ ነኝ የምጎነጉነው፤ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ «የተወቃ ጤፍ አስመሰልከው» እያሉ ይስቁብኛል። ልጅሽ ቤት ውስጥ አፏ አያርፍም፤ ዶሮዎቹን ሳይቀር እንደ አንቺ ትቆጣለች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ግን ጣቶቿ እጄ ውስጥ ይደርቃሉ። አሁን አንደኛ ክፍል ናት። ስም ሲጠራ «አቤት» ስለማትል ልጆቹ ዓይኗን እያዩ «የለችም» ይላሉ። ሽንቷ ሲመጣ መጠየቅ ስለማትችል ቀሚሷን አርጥባ የመጣችበት ቀን አለ። ዘመዶች ጸበል አሉ፤ ወሰድኳት። ልምጭ ያሉም ነበሩ፤ እነሱን ከቤቴ አስወጣኋቸው።

አንቺ የማታውቂውን አንድ ነገር ልንገርሽ። ቢቸና ከቀበርንሽ በኋላ፣ እናትሽ እማሆይ ሞጣ ሆነው ገና አልሰሙም ነበር። ልባቸው ደካማ ነውና መርዶው በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በዘመድ ፊት እንዲነገራቸው ተባለ። ዋዜማውን ወደ ሞጣ ስንሄድ፣ ደብረ ወርቅን እንዳለፍን፣ ወንድምሽ ይበልጣል ሜሮንን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «እስኪነጋ አፍሽን ከከፈትሽ እማሆይ ይሞታሉ» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ለመርዶ ሲኬድ ልጅን እንዲህ አስፈራርቶ ዝም ማሰኘት ያደግንበት ነው። እማሆይ እቅፍ አድርገው እናትሽ እንዴት ናት፣ ምን ላከችልኝ እያሉ ሲጠይቋት ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሲነጋ መርዶው ተነገረ፤ ለቅሶው ቀለጠ። አሁን መናገር ትችያለሽ ያላት ግን አንድም ሰው የለም።

ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም። ድሮም ሰው ፊት ዓይን አፋር ነበረች። ነገር ግን ዝምታዋ እልኸኝነት ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ለመምህርቷ ለየሺ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ወጣት ናት፤ ሰምታኝ ተማሪ ሳይገባ ጠዋት ባዶው ክፍል ውስጥ ከሜሮን ጋር እንድቀመጥ ፈቀደች። መጀመሪያ ልጅሽ በጆሮዬ ብቻ ታንሾካሽክ ነበር። እየቆየች ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል በስንደዶ እየነካች ድምፅ አውጥታ ቆጠረች፤ የሺ ጀርባዋን ሰጥታ ያልሰማች መስላ ሰሌዳ ትጠርጋለች። ከዚያ የሰፈራችንን ልጅ ሰብለን አስገባን። ሰብለ የሜሮን ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ልጅሽ «እሱ የኔ ቦታ ነው፣ ተነሽ» አለቻት። ስመኝ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ በትምህርት ቤት ለሌላ ልጅ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ጥል ነው። ውጪ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ርዕሰ መምህሩ የከለከሉት ይህን ነው። ከስብሰባው ማግሥት ሜሮንን ሞጣ ወሰድኳትና ይበልጣል ራሱ ነገራት፤ ያ ቀን አልፏል፣ እማሆይም ይኸው ደህና ናቸው፣ እንደልብሽ ተናገሪ አላት። አቀርቅራ ሰማችው፤ አልመለሰችለትም። በአንድ አፍ የታሰረ በአንድ አፍ አይፈታም። ቀስ በቀስ የምትለምድበት ቦታ ያስፈልጋታል፤ ያ ቦታ ደግሞ ተቆልፏል።

አንቺን አልረሳሽም። ልጅሽ በሰው ፊት ስምሽን ጠርታ «የስመኝ ልጅ ነኝ» እስክትል ድረስ አላርፍም፤ ብላም አልረሳሽም።

ይህን ደብዳቤ ገልብጬ ለርዕሰ መምህሩ ስለምሰጥ የቀረው ለእርሳቸው ነው። ጌታዬ፣ የጠዋቱ ክፍል ይከፈትልን። ስሟ ሲጠራ እጇን ብታወጣ ይበቃታል፤ ሽንት ቤት ለመሄድም ምልክት ስታሳይ ይፈቀድላት። እሺም ቢሉ እምቢም ቢሉ ምክንያትዎን ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው እስከ ኅዳር ፲፪ ይስጡኝ። በቃል ያሉኝን ሰምቻለሁ።