አባባ ያናገራት ውሻ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እስካሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። አባባ ግማሽ አካሉ ከከዳው በኋላ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። አጠብኩት፣ አገላበጥኩት፣ በማንኪያ አጎረስኩት። «አባባ፣ እኔ ነኝ» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። ሐኪሙ «መናገሩንስ ይችላል፤ ተስፋ ቆርጦ ነው» አለኝ።

ማገገሚያው ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ሕሙማንን ለማጽናናት የሰለጠነች ውሻ ይዘው ይመጣሉ። ሕሙማኑ ድንቡሼ ይሏታል። የመጀመሪያ ቀን አልጋው ላይ አገጯን አስደግፋ ዝም ብላ አየችው። የደነዘዘው እጁ ተንፏቆ ጆሮዋን ነካ። ፊዚዮቴራፒስቱ «ስንት ወር የለመንኩት እጅ!» ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ረቡዕ፣ ገና በሩ ላይ ሳለች፣ አባባ «ነይ» አላት።

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ደስታ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ቅናትም ነበረበት። እኔ ልድከም፣ ቃሉ ለውሻ! ግን ዋጥ አደረግኩት። እየቆየ ማሰሪያዋን ይዞ ኮሪደሩን መራመድ ጀመረ። አንድ ቀን ዞር ብሎ «አንቺስ በልተሻል?» አለኝ።

ደስ ይልሃል ብዬ ከድንቡሼ ጋር ሲራመድ ያነሳሁትን ፎቶ ላክሁልህ። አንተ ግን ደወልክ። «‹አባቱ ሰው አጥቶ ውሻ ያጫውተዋል› ልታስብዪኝ ነው? የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ!»

«ሰው አጥቶ እኮ ነው» አልኩህ። ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው።

ከዚያ ለማገገሚያው ኃላፊ ጻፍክ። ታላቅ ልጅ ነህ፣ ያስገባኸውም አንተ ነህ፤ ቃልህ ተሰማ። ድንቡሼ እሱ ክፍል እንዳትገባ ተከለከለች።

በቀጣዩ ረቡዕ ጫማውን አስደርጎኝ በር በሩን ሲያይ ዋለ። «ምነው ቀረች?» አለኝ። «አሟት ነው» ብዬ ዋሸሁ። በሳምንቱም ጠየቀኝ፤ በሳምንቱም ዋሸሁ። በሦስተኛው ጫማውን ሳቀርብለት እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። በስድስተኛው ሳምንት አረፈ።

ገደልከው አልልህም፤ ልቡ ደክሞ ነበር። ግን ሲናገር ልንሰማው የምንችለውን ጊዜ ቀማኸን።

ቀብሩ ላይ አንዲት አሮጊት እጅህን ይዘው ሲያለቅሱ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አልካቸው። መምህርቷ ነበሩ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብለህ «ስለ እኔ ምን አለ?» አልከኝ። አክስታችን አጠገባችን ነበረች። «መርቆሃል» አልኩህ።

አልመረቀህም፣ ወንድም ጋሼ። አልረገመህምም። ስምህን አንድም ቀን አላነሳም።

ደህና ሁን። እስክጠራህ ድረስ አትደውልልኝ።

እህትህ