ስልኩ የእኔ፣ ቁልፉ የእነሱ

ጥቅምት 3

ሦስት የበር ቁልፍ፣ አንድ የቁም ሣጥን ቁልፍ ቀረጽኩ። አንዱ ሰውዬ የመሳቢያውን ቁልፍ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት መጣ። ሳቄን ዋጥኩ። ሥራዬ አይደል...

አዲሱ የኪራይ ቤት ደህና ነው። ውሃ አለው፣ እማዬ ፀሐይ የምትሞቅበት በረንዳም አለው። ኔትወርክ ግን የለም። ዳገቱን ስወጣ ስልኬ ጭጭ ይላል። እዚህ የሚሠራው የሌላኛው የቴሌኮም ድርጅት መስመር ነው አሉኝ። ሲም ካርዱን ገዝቼ ከተትኩ። «ይህ ካርድ በዚህ ስልክ አይሠራም» አለኝ። ማን ጠየቀህ?

ጥቅምት 5

ስልኩን ወደ ሸጠልኝ ድርጅት ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ስልኩ የተቆለፈው በእነሱ መስመር ብቻ እንዲሠራ ነው አለችኝ። ድርጅቱ ካልፈቀደ አይከፈትም፣ የመንግሥት መመሪያ አለ። ሌላ ሰው ከከፈተው ቅጣት።

ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ፣ ያውም አምና፣ አልኳት።

«አዎ፣ ስልኩ የእርስዎ ነው። ቁልፉ ግን የድርጅቱ ነው።»

ይህን ለማን ነው የምትለው? ለቁልፍ ሠሪ! ሌላ ስልክ ቢገዙስ ስትለኝ ደሜ ፈላ። ትቻት ወጣሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ወደ በረንዳዋ።

ጥቅምት 6

ታናሽ ወንድሜ ከእኔው ኪዮስክ ጥግ ስልክ ይጠግናል። ክፈትልኝ አልኩት። ዓይኔን ማየት አቃተው። ባለፈው ወር ተቆጣጣሪዎች ስልክ ከፍተሃል ብለው የጓደኛውን ላፕቶፕና መሣሪያ ጠራርገው ወስደዋል፣ እስካሁን አልመለሱለትም። «እቴ፣ በሥራዬ አትምጪብኝ» አለኝ። ፈሪ አልኩት። ምሳ ሳንነጋገር በላን።

ጥቅምት 9

ኩርፊያው ቀጥሏል። ሻይ ግን ገዛልኝ።

ጥቅምት 14



የድሮ ጎረቤታችን፣ አትክልት ሻጯ፣ ድስት ጥዳ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል በሩ ተዘጋባት። ልጇ ውስጥ... ገና ሦስት ዓመቷ። ቁልፉም ውስጥ። እሑድ ስለሆነ ቤት ነበርኩ። ደጋግማ ደውላለች። የእኔ ስልክ ጠረጴዛ ላይ እንደ ድንጋይ ተጋድሟል። በመጨረሻ አናጺው በሩን በመጥረቢያ ሰበረው። ቤቱ ጭስ በጭስ፣ ልጅቷ አልጋ ሥር ተሸጉጣ። ተርፋለች። ግን ትስላለች፣ ድምጿም ተዘግቷል።

ከሰዓት ለገበያ ስወርድ ሰምቼ ሮጥኩ። እናቷ አልተቆጣችኝም። «ደወልኩልሽ እኮ፣ እህቴ» ብቻ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ በር በእኔ እጅ የደቂቃ ሥራ ነው። የደቂቃ!

ጥቅምት 17

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መመሪያው ይሻሻል አይሻሻል ብሎ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ጠርቶ ነበር። ኪዮስኩን ለወንድሜ ትቼ ሄድኩ። የድርጅቱ ጠበቃ ብዙ ተናገረ፤ ቁልፉ ከተነሳ የስልክ ሌባ ይበዛል አለ። እጄን አወጣሁ።

አባቴ ሙያውን ሲያስተምረኝ አንድ ሕግ ነበረው አልኳቸው። የማንንም በር ከመክፈትሽ በፊት ምስክር ጥሪ፤ ባለቤቱ መሆኑ ከታወቀ ግን ደጅ አታቁሚው።

«ሌባ አለ ብዬ ሰውን ሁሉ ከደጁ ላቁም? የማን እንደሆነ ጠይቁና ክፈቱ። የእኔን ስልክ የቆለፋችሁት ግን ባለቤቱ እኔ መሆኔን እያወቃችሁ ነው።»

ከኋላ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው «ይታያል» አለ። መቼ? እሱን አልተናገረም።

ጥቅምት 20

ጉድ እኮ ነው! የመስኮቷ ልጅ ኪዮስኬ መጣች። የቤቷ ቁልፍ ጠፍቶባት። አላወቀችኝም መሰለኝ... ወይስ አውቃ ነው? መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ፣ እንደ ወጉ አከራይዋን ለምስክርነት ጠራሁ። አዎ፣ የምትኖረው እዚህ ነው አሉ። በቃኝ። ግን አላስቻለኝም፤ የበሩ ፋብሪካ ፈቅዶልሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፋች። ከፈትኩላት።

ስትሸኘኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የአለቆቹ ስልክ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ እንደሚከፈት ነገረችኝ። የእርስዎንም ከእነሱ ጋር ቀላቅዬ ላስከፍትልዎ አለች። ከልቧ ነው። ለአፍታ ልቤ ከዳኝ፣ አልዋሽም።

«አመሰግናለሁ፣ የኔ እህት። በስርቆሽ በር ግን አልገባም፤ ቤቱ የራሴ ነው።»

ጥቅምት 22

የአለቆቹን ነገር ለወንድሜ ነገርኩት። «ለእነሱ ሲሆን ይከፈታል?» ብሎ ላፕቶፑን አወጣ። መጋረጃ ሊጋርድ ሲል ከለከልኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ! የመጨረሻዋን «እሺ» እኔ ራሴ ተጫንኩ፤ ጥፋት ከሆነ የእኔ ይሁን። ስልኩ ጠፍቶ በራ። አዲሱን ካርድ ያለ ምንም ኩርፊያ ተቀበለ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ስልኩን አስቀመጥኩ፤ ከፍቼዋለሁ፣ የምትከሱት ካለ እኔ ነኝ አልኩት። የራሱን ስልክ ወደ ኪሱ ከተተ።

ጥቅምት 25

መጥሪያ መጣ። ሰኞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቅረቢ ይላል። ወንድሜን አልጠሩትም። እሰይ! የመስኮቷ ልጅ በኪዮስኩ ስታልፍ ሰላም አለችኝ፣ ስለ መጥሪያው ምንም አላነሳችም። አልፈርድባትም፣ እሷም ሠርታ አዳሪ ናት።

እማዬ ፈርታለች። እኔም ትንሽ... ግን ይቅርታ አልጠይቅም። በምን ጥፋቴ?

ጥቅምት 28

እሑድ። በረንዳው ላይ የእማዬን ፀጉር እያበጠርኩ ስልኩ ጮኸ። እዚህ፣ ቤታችን! እማዬ ደንግጣ ምን መጣ አለች። አትክልት ሻጯ ናት። በሩ ተዘጋ እንዴ አልኳት።

«ኧረ ምንም የለም። ታነሺ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ከኋላዋ ልጅቷ ስትስቅ ይሰማል።

ነገ ሰኞ ነው። ስልኩን ይዤ እቀርባለሁ። ፊታቸው ከጮኸም አነሳዋለሁ።