ከነጩ አመድ በታች

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ ሥዩም፣

እንደምን ከርመሃል? የአፋር ሐሩር እንዴት አድርጎሃል? ወባውስ፣ ውኃውስ፣ የፈረንጆቹ ምግብስ ተስማማህ? እኛም ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ጤናውስ አለ፤ ሰላሙ ነው የጠፋው። ወንድም ጋሼ፣ ፈርቻለሁ።

አባባ ለገበያ ወደ ሸነን ከተማ በሄደበት ሰሞን እማማ ፈይሳን ቀጥራ በጓሮ የሽንት ቤት ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረች። አባባ ጓሮውን አትንኩ እንደሚል ታውቃለህ፤ እሷ ግን አሮጌው ሞልቶ አስመርሯት ነበር። ፈይሳ ወገቡ ድረስ እንደገባ የሰው ራስ ቅል አወጣ። ወይ ጉዴ! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጎረቤታችን ዱሬቲም መጣች። ባሏ ኦቦ ጉደታ ከዓመታት በፊት ከአባባ ጋር በድንበር በተጣላ በሳምንቱ ደብዛው እንደጠፋ መቼም አትረሳውም። ጉደታ ኮ፣ የኔ ጉደታ እያለች ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፋች።

አባባ ሲመለስ ፖሊሶች ቤት ጠበቁት። ምን አላቸው መሰለህ? ይኼ የጥንት ሰው አጥንት ነው፣ ልጄ ከፈረንጆች ጋር የሚቆፍረው እንዲህ ያለውን ነው፣ ይምጣና ይመስክር አለ። እነሱም እሱን አስረው አንተን ሊያስጠሩህ ነው።

እኔ እንኳ አንተ መጥተህ ነፃ ታወጣዋለህ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለፋሲካ መጥተህ የሰው ዘር በሁለት እግሩ መሄድ የጀመረው ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው ስትል እማማ አማተበችብህ። ዕድሜውን በምን ታውቃላችሁ ብዬ ብጠይቅህ፣ አጥንቱን ሳይሆን ከበላዩ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ በመሣሪያ እንለካለን፣ ከሥሩ ያለው ከአመዱ ይቀድማል አልከኝ። ሣጥን ውስጥ ከታች ያለው ልብስ ቀድሞ የገባው እንደሆነ ሁሉ። ግን አመዱ ያልተነካ መሆኑን አስቀድመን እናያለን ብለህ አጥብቀህ ነግረኸኛል።

ትናንት ሰው ሳያየኝ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ አየሁ። ነጭ አመድ የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ መቀነት ይዞራል። ራስ ቅሉ በወጣበት በኩል ግን ተቆርጧል። እዚያ ጥቁሩ አፈርና ነጩ ተደበላልቋል፤ ሰው ቆፍሮ መልሶ የሞላው ነው የሚመስለው። ፍልፈል ይሆን? እባክህ ፍልፈል እንዲህ ያደርጋል በለኝ! ፖሊሶቹ ይህን ቢያዩም አይገባቸውም። አንተ ግን ገና ስትጠጋ ታየዋለህ፤ መዋሸት ደግሞ ከልጅነትህም አልሆነልህ። ዱሬቲ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ትቀመጣለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

እማማ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ያየሁትን አልነገርኳትም፣ በሰላም እንድትመጣ ስለት ተስላለች። ትንሿ ዓለሚቱም ናፍቀሃታል። አባባ ስንቅ ስወስድለት ሰላም በይልኝ ብሏል። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥዩም መጥቶ ቃሉን ብቻ ይስጥ፣ ጉድጓዱን ማየት አያስፈልገውም አለኝ።

እኅትህ ሸዋገነት
አምቦ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1966 ዓ.ም.