ጃንጥላው የተሰበረበት ምክንያት

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ከይሻው ተሰማ፣ የቀድሞ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ
ለልጄ ለትዝታ ይሻው፣ ኩዌት

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ ትዝታ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ከጉና የሚወርደው ብርድ ጥርሳችንን ከማንቀጫቀጩ በቀር ምንም አልሆንን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ደኅና ናት፤ ምላሷም ደኅና ነው። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው። ገብሱም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ማሬ ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ነው። በርበሬውን የላከችው እናትሽ ናት። ደብዳቤውን አንብቢው ብላት፣ «የማውቀውን ምን ላነብ» አለችኝ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንቺ «አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ስትዪኝ አፌ ይያዝና «ደኅና ነኝ፣ ዝናቡ እንዴት ነው እዚያ?» እላለሁ። ኩዌት ምን ዝናብ አለና! ወረቀት ይሻላል። ወረቀት መሀል ላይ «እህ» እያለ አያቋርጥም።

ካቻምና ስለላክሽልኝ ጥቁር ጃንጥላ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። «ይዘውት ይወጣሉ ወይ?» ስትዪኝ «አዎ» ብያለሁ። ተሰብሯል። እንዴት እንደተሰበረ እደርስበታለሁ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ነገሩ የወንድምሽ የባዩ ነው። ቆይ፣ ደብዳቤውን አትጣዪው! ካቻምና ግንቦት ላይ አርቢትር መትቶ ከኮሌጅ ከተባረረ ወዲህ ስልኩን እንደማታነሺለት አውቃለሁ። «አባቴን በአገር ፊት ያዋረደ ወንድሜ አይደለም» ብለሻል አሉ። እሱም ይህን ሲሰማ ለእናትሽ «ትዝታ ልክ ናት» ነው ያላት። ይህችን ቃል ያዥልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ማሩ የሚባል አሠልጣኝ ቤታችን መጣ። እዚህ ከተማችን የተከፈተ አንድ የግል ኮሌጅ አለ፣ የእሱን የእግር ኳስ ቡድን ነው የሚያሠለጥነው። አጭር፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ተቀምጦም የሚሮጥ የሚመስል ሰው ነው። «ልጅዎን ለቡድኔ ፈልጌው ነው» አለኝ።

«ልጄ እኮ የተባረረ ነው፣ አልሰማህም?» አልኩት።

«ሰምቼ ነው እንጂ የመጣሁት!» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠው።

ለካ ሰውዬው ከየኮሌጁ የተባረረውን ነው የሚለቅመው! በረኛው የመኝታ ክፍል ኃላፊውን ቆልፎበት ሁለት ቀን የጠፋ ነው። አጥቂው ለምረቃ በዓል የታሰረውን ሙክት ከጓደኞቹ ጋር አርዶ በልቷል። አማካዩ የገዛ አሠልጣኙን ነክሷል፤ የት ላይ እንደነከሰው ተነካሹ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

«አምና ጨዋ ጨዋውን ሰብስቤ ሰባት ለባዶ ተሸነፍኩ» አለኝ ማሩ። «ጨዋ ልጅ ኳሱን ሲነጥቁት ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጋሼ። የእርስዎ ልጅ ግን አርቢትር የመታ ነው፤ እንዲህ ያለ ተከላካይ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም።»

እናትሽ ይሄኔ ከጓዳ ሆና፣ «እንግዲያውስ አባትየውንም ይመዝግቧቸዋ!» አለች። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

የኮሌጁ ዲን ወይዘሮ ኤሌኒ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «ግቢዬን የሽፍታ መጠለያ አላደርገውም» ብለው ደንብ አወጡ። እያንዳንዱ ተጫዋች የበደለው ሰው ዘንድ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ተበዳዩና ሽማግሌዎቹ የፈረሙበትን ወረቀት እስከ ኅዳር ስምንት ካላመጣ አይጫወትም፣ አይመዘገብም። ከዚያ በኋላ ከተማው እርቅ በእርቅ ሆነልሽ! ሙክት በላው ሙክት እየጎተተ ሄደ። ነካሹ ሲታረቅ ተነካሹ «አፉን ያስርልኝ» ብሎ በነጠላ አፉን አስረው አስገቡት አሉ። ሁሉም ወረቀቱን አመጣ፤ የባዩ ብቻ ቀረ።

የቀረው በእኔ ነው። የስንቱን ደም ያደረቅሁ ሽማግሌ፣ ለገዛ ልጄ ሲሆን ዛሬ ነገ እያልኩ አዘገየሁት። አንዴ እግሬን አመመኝ፣ አንዴ ገብሱ ደረሰ፣ አንዴ መንገዱ አስጊ ነው አልኩ። ባዩም «ይቅርብኝ፣ አባባ» ይለኛል። ይህ ካመለጠው ሌላ የሚቀበለው ኮሌጅ እንደሌለ እሱም እኔም እናውቃለን፤ መናኸሪያው ጀርባ ባጃጅ ሲያጥብ ሊያረጅ ነው። እናትሽ በየማለዳው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ትላለች። ለማን እንደምትል ሳትናገር ነው የምትለው።

አርቢትሩ አስናቀ ይባላል፣ የሐሙሲት ሰው ነው። ከዚያ ዱላ ወዲህ ብርድ ሲገባ ወገቡን ይይዘዋል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዷል ተባለ። ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ቄስ ዋልልኝን፣ ጎረቤታችንን ጌጡንና ባዩን ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ።

ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ከጓሯችን። ለስድብ የወፍጮ መጅ የምታህል ትበቃለች፤ ለዱላ ግን የበሬ ግንባር የሚያህል ያስፈልጋል። ጌጡ «ወንዛዬ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» ቢለኝ፣ «የማላውቀውን ድንጋይ አላምንም» አልኩት። የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ይጫን ብሎ ሲጨቃጨቅ ቄስ ዋልልኝ «የንስሐ ድንጋይ ጣሪያ ላይ አይጫንም!» ብለው ጭናቸው ላይ ታቅፈውት ሐሙሲት ደረስን፤ ከዚያም ወንዛዬ ወረድን።

አስናቀን ያገኘነው ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገቱ ተዘፍቆ ነው። ፊሽካው አንገቱ ላይ እንዳለች! በውሃም አያወልቃት። ባዩ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ገንዳው አፋፍ ላይ ጎንበስ አለ። ገላውን የሚታጠበው ሰው ሁሉ ሳሙናውን እንደያዘ ዞረ።

አስናቀ ልጁን አየት አደረገና «ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ጌጡ ነገረው። «መልካም፤ ዘጠና ደቂቃ ይቁም። የባከነ ሰዓትም አለ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

እኔም እንደ ልማዴ ጋቢዬን አስተካክዬ ወደፊት ወጣሁ። «ወንድማችን አስናቀ» አልኩ፣ «ልጁ ልጅ ነው፣ አንተ አዋቂ ነህ። ንስሐ የገባን ሰው ገፍቶ መመለስ ፍርድ ተጓደለ ማለት ነው...»

አስናቀ ከውሃው እስከ ደረቱ ብቅ አለ። «እስኪ ይድገሙት።»

«ምኑን?»

«ፍርድ ተጓደለ የሚለውን። ጮክ አድርገው።»

ጋቢዬን እንደገና አስተካከልኩ፣ ልጄ። «የዚያን ቀን ከኋላዬ የመታኝ ሰው» አለ አስናቀ ለታጣቢው ሁሉ፣ «እየመታኝ ‹ፍርድ ተጓደለ! ፍርድ ተጓደለ!› ይል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አጫውቻለሁ። ተጫዋች ሲናደድብኝ እናቴን ነው የሚያነሣው እንጂ ስለ ፍርድ አይሰብከኝም። ያን ድምፅ ይኸው እስከ ዛሬ ባለቤቱን አላገኘሁለትም ነበር።»

ባዩ ከድንጋዩ ሥር «እኔ ነኝ ያልኩት! አባባን ይተዋቸው!» ብሎ ጮኸ።

አስናቀ ፊሽካውን አፉ ከተተና ነፋት። ሁለት እጁን ከውሃ አውጥቶ አሽከረከራቸው። «ቅያሪ! ልጁ ይውጣ፣ አባት ይግቡ!»

እንግዲህ ትዝታ፣ ጃንጥላው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ባዩ ኳስ አስጣለ። ኳሷን ነው የነካው፤ ዛሬም እምላለሁ! አስናቀ ፔናሊቲ ሰጠ። ሰዉ ሁሉ ወደ ሜዳ ጎረፈ፣ እኔም አብሬ ገባሁ። ሦስት ጊዜ መታሁት፤ በሦስተኛው ያንቺ ጃንጥላ ተሰበረ። ባዩ ከእጄ ነጠቀኝና «ይሂዱ፣ ሰው መሀል ይግቡ!» ብሎ ገፋኝ። አስናቀ ቀና ሲል ስባሪው በባዩ እጅ ነበር። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠይቀው «እኔ ነኝ» አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት «እውነቱን ተናገር» እያልኩ ሰው ያስማልኩ ሰው፣ «ዳኛ ይሻው አርቢትር ደበደበ» እንዳይባል ብዬ ልጄን አስባረርኩ። ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ ነገ እያልኩ ዓመት ተመንፈቅ ሆነ። እሱ ባጃጅ በሚያጥብበት በኩል ማለፍ እያቃተኝ ገበያ የምሄደው ዞሬ ነበር። አንቺም ያዋረደኝ እሱ መስሎሽ ስትቆጪው ሰማሁ፤ ያን ጊዜም ዝም። አፍሬያለሁ፣ ልጄ። ከዚህ የበለጠ ቃል የለኝም።

ድንጋዩን ተቀበልኩት። ምነው ትንሿን በመረጥኩ! «የመታሁህ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጆሮዬ ውሃ ገብቶበታል፣ አልሰማሁም።»

«የመታሁህ እኔ ነኝ! ልጄ አልነካህም!» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ በሚታጠቡበት በኩል ሳይቀር ተሰማ።

ስድስት ደቂቃ ቆምኩ፤ ጌጡ ነው የቆጠረው። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አስናቀ ዘሎ ከውሃው ወጣ። እርቃኑን ነው! ቄስ ዋልልኝ ፊታቸውን አዙረው ፎጣ ወረወሩለት። ድንጋዩን ከማጅራቴ አንሥቶ አስቀመጠና «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጋሼ ይሻው» ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ቀና ሲል ደግሞ «ፔናሊቲው ግን ፔናሊቲ ነው» አለኝ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ኳሷን ነው የነካው።

ስንመለስ ባዩ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «አባባ፣ ከበደዎት?» አለኝ ማጅራቴን እያሸ።

«አንተ ዓመት ተመንፈቅ ተሸክመህ የእኔን ስድስት ደቂቃ ትጠይቃለህ?» አልኩት።  ቄስ ዋልልኝ እስከ ደብረ ታቦር መስኮት መስኮቱን እያዩ በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠራርጉ ነበር።

ትናንት ሰኞ ወረቀቱን ለወይዘሮ ኤሌኒ ሰጠናቸው። «የመታኝ ልጁ አይደለም፣ አባቱ ናቸው፤ ይቅር ብያለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ በሁለተኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔን አዩኝ። «ልጁ ንጹሕ ነው፣ ይመዝገብ» አሉ።

ማሩ ፊቱ ጠቆረ! «ንጹሕ? እንዴት ያለ ንጹሕ? እኔ እኮ የተባረረ ነው ያልኩት!» አለ። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ድንገት ቆመ። «ለመሆኑ ለኮሚቴው ዋሽቷል አይደል? ዓይኑን ሳያሽ?»

«ዋሽቷል» አልኩት።

«ይበቃኛል!» ብሎ ማሊያውን ሰጠው። አራት ቁጥር ነው።

እኔ ግን ተቀጣሁ። ወይዘሮ ኤሌኒ እዚያው ጽፈው ማኅተም መቱበት፤ አቶ ይሻው ለአንድ ዓመት ከሜዳ ታግደዋል። ይግባኝ ልል ብዬ አፌን ስከፍት ባዩ በክርኑ ጎሸመኝ። እሑድ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ኳስ ጠላቷ እናትሽ ልትገባልኝ ተስማማች። «አንቱ ዳኛው» አለችኝ፣ «ስልኩን ጆሮዎ ላይ አድርገው ቁጭ ይበሉ። ጎል ሲገባ እነግርዎታለሁ። አርቢትሩ መሰደብ ካለበትም እኔ እሰድባለሁ።»

አሁን ያዥልኝ ያልኩሽን ቃል መልሺልኝ። «ትዝታ ልክ ናት» ያለው እኔን ላለማጋለጥ ነው። ሥራዬን በራሱ ላይ ጭኖ፣ የአንቺንም ቁጣ ጨምሮ ተሸከመ። ይህን ማሬ እንዳደረሰችልሽ ደውይለት። ስለ እኔ ምንም አትበይው፤ ማሊያህ ስንት ቁጥር ነው ብለሽ ጠይቂው። እሱ ይበቃዋል።

የአባትሽን ድንጋይ ያቀለለ አምላክ የአንቺንም ሸክም በሰው አገር ያቅልልሽ። እጅሽ ለሥራ፣ እግርሽ ለመመለስ ይበርታ። የኢየሱስ ደብራችን በረከት ካለሽበት ይድረስሽ፤ ሠርግሽን በእናትሽ እልልታ ያሳየን፣ አሜን።

አባትሽ ይሻው

ይህንንም ጨምሬ ልጻፍ፦ ሌላ ጃንጥላ ልላክ ብለሽ ነበር። ላኪው፤ ግን ለእኔ አይደለም። ለአስናቀ ይሁን።