ግራ እግር የማትጠይቅ መኪና

የካቲት 18

ቅዳሜ ስለሆነ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ መጣ። እንደ ልማዱ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ አሮጊቷን አስነሳ፣ ቆሞ ድምፅዋን ሰማ፣ አጠፋት። "ባትሪው እንዳይሞት ነው" ይላል። ቁልፉ ተመልሶ ኪሱ ገባ። እኔ የደንበኛ ሱሪ እያሳጠርኩ በመስኮት አየሁት።

አሮጊቷ የምላት መኪናችንን ነው። የአባዬ ነበረች። እሱ ሲያርፍ በእማዬ ስም ዞረች፤ የምነዳት ግን እኔ ነበርኩ። ጨርቅ የማመጣባት፣ የተሰፋውን ለደንበኛ የማደርስባት፣ እማዬን ሐኪም ቤት የማመላልስባት። ዐምና ከደረጃ ወደቅሁ፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቁልፉም በዚያው ሰሞን ጋሼ ኪስ ገባ። ማን ሰጠው? እኔ እንጃ... ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር።

ዛሬ ሲወጣ በሩ ላይ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። "ቆማ ከምትበሰብስ ትሸጥ። እሷ እንደሆነ ከእንግዲህ..." አልጨረሰውም። ከንፈሩን መጠጠ።

የካቲት 19

ከእንግዲህ ምን?

የካቲት 24

ሞከርኩ። መለዋወጫ ቁልፉ የክር ሣጥን ውስጥ ነው፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እማዬ ተኝታለች፣ ግቢው ጭር ብሏል። ገባሁና ተከራዩን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፍኩ። ተከራዩ ሰው ሠራሽ እግሬ ነው። አብሮኝ ይኖራል፣ ኪራይ አይከፍልም፣ ሲሞቅ ይነጫነጫል።

ረገጥኩ። የረገጥኩ መሰለኝ... ጫማው ተንሸራቶ ወርዶ ኖሯል። ምን ያውቃል እሱ? ማርሹ ተንጫረረ። ደገምኩት፣ ያው። ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ።

ግን እንቁጠር እስቲ። መሪው የእጅ ነው። ማርሹ የእጅ ነው። ፍሬንና ነዳጅ የቀኝ እግር ነው፣ ቀኙ ደግሞ ደህና ነው። የጎደለኝ አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር ፍሪሲዮን መርገጥ። ለአንዷ ሥራ ብለው መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ሊወስዱብኝ? ደሜ ፈላ።

የካቲት 27

እማዬን ቁርስ ላይ ያዝኳት።

"አሮጊቷን እንዳትሸጫት።"

"እኔን ነው መኪናዋን?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ወንድምሽ ገዢ እያፈላለገ ነው፣ ልጄ። ማን ይነዳታል ብሎ ነው እኮ።"

"ነድቼ ካሳየሁሽስ?"

እግሬን አየችው። ቶሎ ዓይኗን አነሳች። "ካሳየሽኝማ... ማን ይሸጣታል።"

ቃል ነው ይሄ። ጻፍኩት።

መጋቢት 2

የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ሁለቱም እጄ ጨርቁ ላይ ነው። ማዕዘኑ ላይ ስደርስ በጉልበቴ ከስፌት መኪናው ሥር ያለውን ብረት ወደ ጎን ገፋ አደረግሁት፤ ጨርቁን ተጭኖ የሚይዘው ተነሳ፣ ጨርቁን አዞርኩ፣ ለቀቅሁት፣ ወረደ። ይህን ሳደርግ ኖሬያለሁ። ልብ ብዬው አላውቅም።

ስፌቱን እዚያው አቆምኩት።

በጉልበት ወደ ጎን... የግራ ጉልበቴ እኮ የራሴ ነው። የተከራየሁት ከሱ በታች ያለውን ነው።

መጋቢት 4

በያጁ ዘንድ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ በርና የመስኮት ብረት የሚሠራው ሰውዬ ነው። አስረዳሁት። በግራ ጉልበቴ በኩል፣ ከመኪናዋ በር ጎን፣ አንዲት የብረት ሰሌዳ ትቆማለች። ጉልበቴን ወደ በሩ ስገፋ ሰሌዳዋ ትሄዳለች፤ ከሥሯ ያለው ዘንግ ይዞርና ፍሪሲዮኑን ወደ ታች ይስበዋል። ስለቅቅ ሁሉም ይመለሳል።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማኝ።

"እትዬ፣ እኔ የበር በያጅ ነኝ።"

"በር ምን ያደርጋል? ይከፈታል ይዘጋል። ፍሪሲዮንም ሌላ ሥራ የለውም።"

"ጋራዥ ቢሠራው አይሻልም?"

"ጋራዥ ጠይቄያለሁ። አንደኛው ከንፈሩን መጠጠልኝ። ሌላው ባል የለሽም ወይ አለኝ።"

ሳቀ። ከዚያ "ልኩን አምጪልኝ፣ ያለ ልክ ብረት አልቆርጥም" አለ። ልክ? ልክማ የኔ ሥራ ነው።

መጋቢት 6

ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ አሮጊቷ ውስጥ ዋልኩ። ከጉልበት እስከ በር፣ ከወለል እስከ ጉልበት፣ ጉልበቴ ተገፍቶ የሚደርስበት። እንደ ኮት እጅጌ በካርቶን ቀደድኩት፣ ገባሁ፣ ለካሁት፣ ጠበበኝ፣ አሰፋሁት። ጎረቤት አጥር ላይ ቆማ "መኪናዋን ልብስ ልታለብሻት ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

መጋቢት 11

ብረቱ ተበየደ። ገፋሁ... ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጄ አግዤ እንኳ እንደ ግድግዳ ነው። በያጁ ፊቴን ያያል። አሁን እተወዋለሁ ብሎ ነው የሚጠብቀው? "አጭር ነው፣ አርዝመው" አልኩት።

መጋቢት 15

አረዘመው። አሁን ይሄዳል፣ ግን ጉልበቴ ጎኑ ቀልቷል። ከጂንስ ቁራጭ ወፈር ያለ ትራስ ሰፍቼ ሰሌዳዋ ላይ አለበስኳት። ድርብ ስፌት፣ በቢጫ ክር። ለምን በቢጫ? ደስ ስላለኝ።

መጋቢት 17

ነዳሁ!

ግቢው ውስጥ ነው፣ ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ፣ ተመልሼም እስከ በሩ። ጉልበት ወደ በር፣ አንደኛ ማርሽ፣ ጉልበት ቀስ ብሎ መልስ። ሁለቴ ጠፋችብኝ። ሦስተኛው ላይ እንደ ድሮዋ ተንሸራተተች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ልጻፈው፣ ማን ያየዋል።

ለእማዬ አልነገርኳትም። አስተካክዬ እስክለምድ። ጋሼም ትናንት ሊያስነሳት ሲመጣ ሰሌዳዋን በጨርቅ ሸፍኜ አሳለፍኩት።

መጋቢት 23

ግድግዳ መታሁ።

ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው። ለመቆም ጉልበቴን ገፋሁ፣ መሃል ላይ ቀጥ አለብኝ። ደንግጬ የበለጠ ገፋሁ፣ እንቢ። ፍሬን እስክይዝ አሮጊቷ የማድ ቤቱን ግድግዳ በአፍንጫዋ ገጨችው። እኔ ምንም አልሆንኩም። የፊት መከላከያዋ ታጥፏል፣ አንድ መብራት ረግፏል። ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ። ጋሼ በሩን ከፍቶ ሲገባ ስብርባሪው መሃል ቆሜያለሁ።

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ በንጹህ ሱሪው።

"ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ አንድ ጊዜ ጠብቄሻለሁ" አለኝ። "ሐኪሙ መጥቶ ፈርም ሲለኝ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እንዲቆረጥ። ሁለተኛ አልችልም፣ እህቴ። አልችልም።"

ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

እጁን ልይዘው ፈለግሁ። ከዚያ ተነሥቶ "ገዢው የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል" አለ። መለዋወጫ ቁልፉን ከማስነሻው ነቅሎ ወሰደው። እጄ ባዶውን ቀረ።

መጋቢት 24

ያሳዝነኛል። ያናድደኛልም። ስለፈራ እኔ ልቀመጥለት?

መጋቢት 25

ለምን ቀጥ አለ? በያጁ ዘንጉን ፈታው፣ ገጠመው፣ ሁሉም ደህና ነው። በእጁ ሲገፋው ይሄዳል። እኔ ስነዳው ነው የሚቆመው። "እትዬ ጉልበትሽ ደክሞ ይሆናል..." ሊል ሲጀምር ዓይኔን አየና ወደ ዘንጉ ተመለሰ።

ማታ ጫማዬን ሳወልቅ አየሁት። የተከራዩ ጫማ ላይ፣ ከላይ፣ ጣት የሚሆንበት ቦታ፣ ቆዳው በጥቁር ተፍቋል። የፔዳሉ ጠርዝ ነው የፋቀው። ጉልበቴ ወደ በሩ ሲሄድ ተከራዩ ተጎትቶ ፔዳሉ ሥር ገብቶ ተኝቷል። እኔ ፔዳሉን ወደ ታች እስባለሁ፣ እሱ ከታች ሆኖ ተሸክሞታል። የሥጋ እግር ቢሆን ይጮህ ነበር። ይሄ ምን ይናገራል?

ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ለካ ያስቸገረኝ የሌለኝ እግር አይደለም፣ ያለኝ ነው።

መጋቢት 27

"ፔዳሉን አውጣው" አልኩት በያጁን።

መዶሻውን አስቀመጠ። "ዘንጉን በቀጥታ እናገናኘዋለን፣ እሱስ ይቻላል። ግን ካወጣሁት ከአንቺ በቀር ሰው አይነዳትም። ወንድምሽም ቢሆን። ፔዳሉን የተውነው ለዚያ አልነበር?"

ነበር። እኔው ነኝ ተወው ያልኩት። ለሌላ ሰው ብዬ፣ ምናልባት ቢያስፈልጋቸው ብዬ፣ እንዳይከፋቸው ብዬ... ግድግዳ የመታሁት በይሉኝታ ነው።

"አውጣው።"

ቆርጦ አወጣው። ለተከራዩም ወለሉ ላይ የቆዳ ኪስ ሰፋሁለት። ጫማው ገብቶ ይቀመጥበታል፣ ስፈልግ ይወጣል። ከእንግዲህ የትም አይዞርም።

መጋቢት 30

ቅዳሜ። ጋሼ ከገዢው ጋር መጣ። ገዢው ሸምገል ያለ፣ ሽቅርቅር ሰውዬ ነው። አሮጊቷን ዞሮ አየ፣ ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አደረገ፣ የተሰበረውን መብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ምርኩዜን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

ገባ። ቁልፉን ከጋሼ ተቀበለ። እግሩን ሰደደ... መለሰ። እንደገና ሰደደ። ጎንበስ ብሎ መሪው ሥር አየ።

"ፍሪሲዮኑስ?"

ጋሼም ጎንበስ አለ። ሁለቱም እዚያ ሥር የጠፋ ሳንቲም የሚፈልጉ ይመስላሉ። ጋሼ ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል።

"ምን አደረግሻት?"

"በልኬ አሰፋኋት።"

እማዬ ከቤት ወጣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ማንንም ሳታይ በወዲያኛው በር ገብታ ተቀመጠች። ገዢውን "አንተ ውረድ፣ ልጄ" አለችው። ዕድሜው ከእሷ ብዙም አያንስም። ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "በይ። አሳዪኝ ነው ያልኩሽ።"

ከደረጃው ወርጄ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ተከራዩን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ጉልበት ወደ በር። አንደኛ ማርሽ። ቀስ... አልጠፋችም። ግቢውን ዞርኩ፣ በግድግዳው አጠገብ ሆን ብዬ ጠጋ ብዬ አለፍኩ፣ ጋሼ ፊት ስደርስ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። ወደ ኋላም ሄድኩ። እማዬ በመስኮቱ ክንዷን አውጥታ ነበር፣ ድሮ ከአባዬ ጋር ስትሄድ እንደምታደርገው።

"አትሸጥም" አለች ስትወርድ።

ገዢው እየሳቀ ሄደ። ጋሼ አልሳቀም። ቁልፎቹን ይዞ ወጣ፣ ሁለቱንም።

ሚያዝያ 8

አልመጣም። አልደወለም።

ሚያዝያ 19

መንገድ ላይ ልነዳት ፈቃድ የሚሰጠው የመኪና መርማሪ ዘንድ ከበያጁ ጋር ሄድን፣ የአሮጊቷን መብራት አስቀይሬ፣ እሷን በጭነት መኪና አስጭኜ። ተጋድሞ ከሥር አየ። ሰሌዳዋን ገፋ፣ ለቀቀ፣ ገፋ። ዘንጉ ላይ ማጥበቂያ ጨምሩ አለ። በያጁ እዚያው ጨመረ። ከዚያ እኔን አስቀምጦ አቀበት ላይ አስቆመኝ፣ አስነሳኝ። ወደ ኋላ አልተንሸራተትኩም። "ይህን ትራስ ማን ሰፋው?" ብሎ ጠየቀ። ፈረመ።

ቁልፉን አዲስ አስቀርጫለሁ። አልለምንም።

ግንቦት 7

ስልክ። ጋሼ ነው።

"መኪናዬ ጋራዥ ገብታለች። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሻለሁ በታክሲ፣ አሁን ሥራ..." ይጨርሰው። ያኔ ያልጨረሰውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ዛሬ እሰማዋለሁ አልኩ በልቤ። "ታደርሺኛለሽ ወይ?" አለ።

ደጁ ላይ ጥሩምባ ነፋሁ። ወጣ። በሩን ከፍቶ ጎኔ ተቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ እጀታውን ጨብጦ ያዘ። ትንሽ እንደሄድን ከኪሱ ሁለቱን ቁልፎች አውጥቶ መሃላችን አስቀመጣቸው። አመሰግናለሁ አላልኩም። የኔ ናቸው።

መንገዱ ተጨናንቋል። መቆም፣ መነሣት፣ ማርሽ መቀየር። ጉልበቴን በገፋሁ ቁጥር ከጎኔ የሆነ ነገር ድው ይላል። መጀመሪያ አሮጊቷ መስላኝ ነበር። ኋላ አየሁ... የጋሼ ግራ እግር ነው። እኔ ማርሽ ስቀይር እሱ ወለሉን ይረግጥልኛል። ጥርሱን ነክሶ፣ በሙሉ ኃይሉ። እግሬ ከተቆረጠ ጀምሮ እንዲህ ሲረግጥልኝ የኖረ መሰለኝ።

"ጋሼ" አልኩት።

"እ?"

"እግርህን አሳርፈው። እዚህ መኪና ውስጥ የግራ እግር ሥራ የለም።"

ቁልቁል አየው። ዓይኑ እርጥብ ሆነ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ጉልበቴን ወደ በሩ ገፋሁ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

እግሩ አልተነቃነቀም።