አልጋዬ ስር ያለው ሻንጣ

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ አያጉረመርምም።

ቅዳሜ በሰፈሩ አዳራሽ፣ ከሚደበድባቸው ባል ለሚሸሹ ሴቶች መጠለያ ልብስ ስናሰባስብ ዋልን። ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን ስለሚወጡ ለእያንዳንዷ አንድ ሻንጣ እናዘጋጃለን፤ ቅያሪ፣ ሳሙና፣ የልጅ ልብስ፣ ጫማ። ልጄም ልታግዘን መጥታ ነበር። ያቺ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ተረከዙ ምሰሶ የሚያህል ጫማ ብታመጣ፣ «አንቺ፣ ሴትዮዋ ልትሮጥበት ነው ወይስ ልትሞሸርበት?» ብላት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አትሮጥም እኮ እማዬ፤ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የምትወጣው» አለች ልጄ፣ ካልሲ እያጠፈች።

መቼም የዛሬ ልጆች የማያነቡት ነገር የለም፤ አንብባ ይሆናል አልኩ።

አንዱን ሻንጣ ለብቻዋ ሞላችው። የመረጠችው የልጅ ልብስ ሁሉ በልጅ ልጄ ልክ ነው። ሌሎቹን መኪና ላይ ስንጭን፣ «ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለችኝ። እኔም የማን ነው ሳልል አልጋዬ ስር ከተትኩት፤ ለመጠለያው በምትኩ የራሴን ሻንጣ ሞልቼ ሰጠሁ።

የጓዳውን ክፍል ቀለም ቀብቼ አልጋ ዘርግቼበታለሁ፤ እንግዳ መቼም ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ለልጄ ስትደውይላት ስልኳን ባሏ ካነሳው ስለ አየሩ ብቻ አውሪው፤ የሻንጣ ነገር አታንሺ። ለኔ ግን በፈለግሽው ሰዓት ደውይ፣ ነቅቼ ነው የምታገኚኝ።

ደጃፍሽ ሰላም ውሎ ሰላም ይደር።

በሯን ገርበብ አድርጋ የምታድረው እህትሽ